የቀዳዳው መሃል

ቶርኖ ላይ ያደገ ሰው ወደ ጠመንጃ አፈሙዝ ሥራ ሲገባ የሚፈተነው በመቁረጥ ችሎታው አይደለም፤ ብረቱን ለማሰር በሚሰጠው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የምንሠራው ቡሽና ዘንግ ነበር። ብረቱ ባለ ሦስት መንጋጋው ቸክ ውስጥ ይገባል፣ በቁልፍ ይጠብቃል፣ ማሽኑ ይነሳል። ለዚያ ሥራ በቂ ነው፤ ውስጡም ውጩም ሳይፈታ በአንድ እስር ከተቆረጠ የሁለቱ መሃል አንድ ይሆናልና።

አሜሪካ መጥቼ ዒላማ ተኩስ ከሚወዱ ሰዎች ጋር ስገጥም ሥራው ተገለበጠብኝ። አፈሙዙ ከፋብሪካ ሲመጣ ቀዳዳውም በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ቦይም አልቀው ነው። የሚቀረው ጫፉ ላይ ጥርስ ማውጣት፣ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል መክፈትና አፉን መጨረስ ነው። መሃሉ የት እንደሆነ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ ቀድሞ ተወስኗል። የእኔ ድርሻ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ቶርኖ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መሃል ብቻ ነው፣ የራሱን። የታሰረለትን ሁሉ በዚያ ዙሪያ ያሽከረክራል። የቀዳዳው መሃል ከማሽኑ መሃል ትንሽ ቢርቅ የሚወጣው ጥርስ ክብነቱ የተሟላ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ነገር ግን ያለ ቦታው የተቀመጠ ይሆናል። ይህን ዓይን አያየውም።

ችግሩ የሚመነጨው ከረጅም ቀዳዳ ባሕርይ ነው። ቀጭን መሰርሰሪያ ስልሳና ሰባ ሴንቲሜትር ሲገባ ጥቂት መሳቱ አይቀርም። ይህን ለመቀነስ መሰርሰሪያውን ሳይሆን ብረቱን ማዞር ይሻላል የሚለው ዕውቀት የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን በ1774 ፓተንት ያወጣበት የመድፍ መሰርሰሪያም መድፉን ራሱን የሚያዞር ነበር። እንዲያም ሆኖ በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ አፈሙዝ እንኳ ውስጡ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም። ስለዚህ የውጩን ክብ ይዞ «ተስተካክሏል» ማለት አይቻልም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አፈሙዙ በማሽኑ ራስ ውስጥ ያልፋል። የሚቆረጠው ጫፍ በባለ አራት መንጋጋ ቸክ ይያዛል፤ የወዲያኛው ጫፍ ደግሞ በራሱ በኩል በአራት ብሎኖች ይደገፋል። በመንጋጋዎቹና በአፈሙዙ መካከል አጫጭር የመዳብ ሽቦ አስገባለሁ፤ ሽቦው ከሌለ መንጋጋው ብረቱን ጠፍሮ ይይዘዋል፣ የኋላው ብሎን ሲጠብቅም አፈሙዙ በማዘንበል ፈንታ ይጎብጣል። የጎበጠ ብረት ሲፈታ ወደነበረበት ይመለሳል፤ በጎበጠበት ሰዓት የተቆረጠው ሁሉ ያን ጊዜ ይስታል።

ከዚያ ረጅም እግር ያለው ዳያል ጌጅ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ቸኩን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ጠቋሚው ከዳር እስከ ዳር አሥር መስመር ከሄደ መሃሉ የራቀው በአምስት ነው። አንዱን መንጋጋ አላልቶ ትይዩውን ማጥበቅ፣ እንደገና ማዞር፣ ማየት። የቀዳዳው መግቢያ ላይ ሲቃና ጌጁ ወደ ውስጥ ጠለቅ ይላል፤ እዚያ ይወላገዳል። በኋላው ብሎን ውስጡ ሲስተካከል የፊቱ ይበላሻል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ጠቋሚው ሁለቱም ቦታ ላይ ፀጥ እስኪል መቁረጫ አይነካም። ከጠቅላላው ሥራ ትልቁን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው።

ጥርስ ማውጣቱ ከዚህ ይቀላል። በ1962 የወጣው ሬሚንግተን 700 የሚፈልገው ውፍረቱ አንድ ኢንች ከአንድ አሥራ ስድስተኛ የሆነ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ያለው ጫፍ ነው። ሄንሪ ሞድስሌይ በ1800 ገደማ የጥርስ ማውጫ ቶርኖውን ከሠራ ወዲህ መሪ ዘንጉና የሚለዋወጡት ማርሾች እርምጃውን ይጠብቃሉ። ሠራተኛው የሚጠብቀው ሙቀቱን ነው። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር 12 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል፤ 27 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጫፍ በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ከስድስት ማይክሮን በላይ ይወፍራል። ከመለካት በፊት ማቀዝቀዝ ግድ ነው።

ማጉረሻው ላይ ግን ልብ ይጠየቃል። ክፍሉን የሚከፍተው መቁረጫ፣ ሪመሩ፣ በዘይት ጥቂት ይገባል፣ ይወጣል፣ ፍቅፋቂው ይጠረጋል፣ እንደገና ይገባል። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት መዝጊያው ሊዘጋበት የሚገባው መለኪያ 1.630 ኢንች ሲሆን ሊዘጋበት የማይገባው 1.634 ነው። በመካከላቸው ያለው 0.1 ሚሊሜትር ነው። ክፍሉ ከዚያ ካለፈ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ሊቀደድም ይችላል፤ ጋዙ የሚወጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። «ይሁን ግድ የለም» የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ የራስን ጠመንጃ አፈሙዝ ማልበስ አንድ ነገር ነው፣ ለሌላ ሰው በክፍያ መሥራት ግን የፌደራል ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ግዛቶችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

የመጀመሪያው አለቃችን ቶርኖ ከመነሳቱ በፊት «ልጄ፣ ቁልፉ የት ነው?» ይሉን ነበር። መልሱ «እጄ ላይ ነው፣ ጋሼ» መሆን ነበረበት፤ ቸኩ ላይ የተረሳ ቁልፍ ማሽኑ ሲነሳ ሰው ይገድላል። ጓንትና ሰፊ እጅጌም እንዲሁ። ዛሬም ጀማሪ አጠገቤ ሲቆም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አፈሙዝም ወዲያው አልሰጠውም፤ ተራ ብረት ላይ ጥርስ ያወጣል፣ ዳዶው ሳይላላም ሳይጠብቅም እስኪገባ ድረስ።

መጨረሻ የሚሠራው ጥይቱ የሚወጣበት አፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰላችበት ቦታም ይህ ነው። ቀዳዳው ውስጡ ትንሽ ስለሚጎብጥ በማጉረሻው ጫፍ የተገኘው መሃል ለአፉ አያገለግልም። አፈሙዙ ተፈትቶ ይዞራል፣ ጌጁ እንደገና ይገባል፣ መንጋጋዎቹ አንድ በአንድ እንደገና ይቃናሉ። ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ ከኋላው በአንድ ጊዜ በዙሪያው ሁሉ እኩል ካላመለጠ ጥይቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። አፉ ከተቆረጠ በኋላ ትንሽ ጥጥ ከውስጥ ወደ ውጭ በጠርዙ ላይ ይጎተታል። አንድ ክር እንኳ ተይዞ ከቀረ ጠርዙ ላይ ስለት አለ ማለት ነውና እንደገና በስሱ ይቆረጣል።