ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ



ውድ አንባቢያን፣ ከመግሪብ በኋላ ተሰባስባችሁ መጽሐፍ የምታነቡ ቤተሰቦች ካላችሁ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። እኛም በጎንደር አዲስ ዓለም አካባቢ እንዲሁ እናደርጋለን። በዚህ ጊዜ ወጣቶቹ «የሳይንስ ልብ ወለድ ይሁንልን» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ጣናችንን ከጠፈር ሳይንስ ጋር አገናኝቶ ካስነበባቸው ወዲህ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጥማት አለባቸው። እኔ ግን ከ800 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መጽሐፍ ይዤ ቀረብኩ፤ የኢብን ጡፈይልን «ሐይ ኢብን የቅዟን»።

ስሙ «ሕያው፣ የንቁ ልጅ» እንደ ማለት ነው። ደራሲው በአንደሉስ፣ ከግራናዳ አቅራቢያ ተወልዶ የሙዋሒዶች ሱልጣን ሐኪም የነበረ፣ በ581 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1185) በመራኪሽ ያረፈ ሰው ነው። አውሮፓውያን መጽሐፉን በ1671 በኦክስፎርድ በላቲን አሳተሙት፤ በ1708 ደግሞ በቀጥታ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። «ሮቢንሰን ክሩሶ» የወጣው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ ነው፤ ዝምድናቸውን እናንተው ገምቱ።

«ሮኬት የሌለበት ምን የሳይንስ ልብ ወለድ ነው?» የሚል ይኖራል። የዚህ ዓይነት ድርሰት ፍሬ ነገሩ «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ኢብን ጡፈይል የጠየቀው ይህን ነው፦ አንድ ሕፃን ሰው በሌለበት ደሴት፣ ያለ ቋንቋና ያለ አስተማሪ ቢያድግ፣ በዓይኑና በአእምሮው ብቻ የት ይደርሳል?

ሕፃኑን ግልገሏን ያጣች ሚዳቋ ታጠባዋለች። ሰባት ዓመት ሲሆነው ራሱን ከእንስሳቱ ያስተያያል፤ ቀንድ የለው፣ ገላውን የሚሸፍን ጠጉር የለው። መጀመሪያ ቅጠል፣ ኋላም የሞተ ንስር ላባ ይለብሳል። ከዚያ ሚዳቋይቱ ትሞታለች። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ይጠራታል፤ አትመልስም። ዓይኗን ያያል፣ ጆሮዋን ያያል፤ የጎደለ ነገር የለም። እንግዲያው ሕመሙ ከውስጥ ነው ብሎ በስለታም ድንጋይና በደረቅ ሸምበቆ ስንጣሪ ደረቷን ይከፍታል። ልቧን ያገኛል። በቀኙ ክፍል የረጋ ደም አለ፤ ግራው ባዶ ነው። የሚወዳት እናቱ ያ የተጋደመ አካል ሳትሆን ከዚያ ባዶ ቤት ወጥቶ የሄደው ነገር እንደነበረች ያን ጊዜ ይገባዋል። ቁራ የገደለውን ቁራ ሲቀብር አይቶም እሱ ራሱ ይቀብራታል። የሃቢልንና የቃቢልን ታሪክ በሱረቱል ማኢዳ የተማረ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። ሐዘንን ከምርምር ጋር እንዲህ ያገናኘ ጽሑፍ እኔ ሌላ አላነበብኩም።

ኋላ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል፤ ከፀሐይና ከከዋክብት ተነስቶም ሁሉን ወደ ፈጠረው ጌታ ይደርሳል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ክፍል ለመረዳት ጥርት ባለ ሌሊት ደጅ መውጣት ይበቃችኋል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጁ በአእምሮው ብቻ ፈጣሪን ካወቀ፣ ልጆቻችን መድረሳ ምን ያደርግልናል አይሉም ወይ?» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መጨረሻውን እዩ። ሐይ 50 ዓመት ሲሞላው አብሳል የሚባል ሰው ወደ ደሴቱ ይመጣል፤ ቋንቋ አስተምሮ ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ጾምና ስለ ሐጅ ይነግረዋል። ሐይም አምኖ ይቀበላል፤ ይፈጽማልም። ልጆቻችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ በተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ የሰው ገላ ከፍተው ይማራሉ። «ነፍስ የታለች?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ይጠብቃቸዋል። ብቻቸውን ከሚገጥማቸው እቤት፣ አባትና እናት ባሉበት ቢሰሙት እመርጣለሁ።

ጉድለት የለበትም አልልም። ስለ ሰማያት ክበቦች የሚተርከው ክፍል መሬትን መሐል ላይ ያስቀመጠ የጥንት ሥነ ፈለክ ነው፤ ለመጀመሪያ ንባብ ዝለሉት። ሴቶች የሉበትም ማለት ይቻላል፤ ልጁን በሣጥን ከትታ ለባሕር የሰጠችው እናት ብቅ ብላ ትጠፋለች፤ እሷም ቢሆን በአንደኛው አተራረክ ብቻ ነው ያለችው። ሴት ልጆቻችሁ ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም። ይበልጥ ያልተዋጠልኝ ግን ፍጻሜው ነው። ሐይ ወደ አብሳል አገር ሄዶ ያወቀውን ሊያስተምር ይሞክራል፤ ሰዎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩበት «በያዛችሁት ጽኑ» ብሏቸው ወደ ደሴቱ ይመለሳል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በ23 ዓመት ከስንት ፊቱን ካዞረ ሰው ጋር ታገሡ! አስተማሪ ነኝና፣ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣ አስተማሪ አይማርከኝም። ሐይ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ተከራከሩበት፤ እኛ ዘንድ ገና አልበረደም።

መጽሐፉ ትንሽ ነው። ከመካከላችሁ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው፣ በመድረሳ ኪታብ እንደሚቀራው፣ ጥቂት ጥቂት እያነበበ በአማርኛ ይፍታላችሁ። የመጀመሪያውን ምሽት ሚዳቋይቱ ስትቀበር አቁሙ። የደረቷ መከፈት ሕፃናቱን ያስደነግጣል ብላችሁ አትስጉ፤ የአረፋ በግ ሲታረድ ከበው የሚያዩ ናቸው። እንዲያውም በመጪው አረፋ ልቡን ሰንጥቁላቸውና የቱ ቀኝ፣ የቱ ግራ እንደሆነ እነሱ ያሳዩአችሁ።