ቀለሙ ቃሉን እንዳይተካ
በስያሜ ሠንጠረዦች የቀለም አመዳደብ ላይ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ተግባር ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ዝርዝራቸውን በካርድ መያዝ ትተው በኤክሴልና በመሳሰሉት የኮምፒዩተር ሠንጠረዦች መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። በእነዚህ ሠንጠረዦች ለእያንዳንዱ ስያሜ «ጸድቋል»፣ «በውይይት ላይ» ወይም «ተጥሏል» የሚል ምርጫ ከተቆልቋይ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ሕዋሱም እንደ ምርጫው አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሆናል። አሠራሩ ለዐይን የሚመች፣ ሥራንም የሚያፋጥን መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ቀለሙ ከአጋዥነት አልፎ የውሳኔው ብቸኛ መግለጫ ሲሆን የሚያስከትለውን ጉድለት መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ እንመልከት። በኤክሴል ውስጥ ተቆልቋዩ ዝርዝርና ቀለሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝርዝሩ የሚፈቀዱትን ቃላት ይወስናል፤ ቀለሙ ግን የሕዋሱን ይዘት እያየ በሚሠራ በሌላ ደንብ ይታዘዛል። እስከ ኤክሴል 2003 ድረስ ለአንድ ሕዋስ ከሦስት የበለጠ እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት አይቻልም ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በኤክሴል 2007 ነው። ዛሬም ቢሆን በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቃል ሲለወጥ የቀለሙ ደንብ በራሱ ተከትሎት አይለወጥም።

ይህ ጠባይ ለአማርኛ የተለየ ትርጉም አለው። ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ሠራተኛ «ፀድቋል» ብሎ በእጁ ቢጽፍ የዝርዝሩ ቁጥጥር ሊያግደው ይችላል፤ ከሌላ ሰነድ ገልብጦ ቢለጥፈው ግን ቁጥጥሩ አይዘውም። ሕዋሱ ቀለም አልባ ይሆናል፤ ስያሜውም ከጸደቁት ቁጥር ይጎድላል። ከዚህ እንደምንረዳው ተቆልቋዩ ዝርዝር ለእኛ የሚሰጠው ዋናው አገልግሎት አጻጻፍን አንድ ማድረጉ ነው፤ ቀለሙ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀለም በቀላሉ የሚጠፋ ምልክት ነው። ሠንጠረዡ ሲ.ኤስ.ቪ. ወደሚባለው ተራ የጽሑፍ ዓይነት ሲዛወር ቃላቱ ይተርፋሉ፤ ቀለሙ ግን ይቀራል። በጥቁርና ነጭ ሲታተም አረንጓዴውና ቀዩ ተቀራራቢ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀለም የመለየት ችግር እንዳለበት የታወቀ ነው፤ የሚበዛውም ቀይንና አረንጓዴን ያለመለየት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ቀለም ብቸኛው የመረጃ ማስተላለፊያ እንዳይሆን የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የራሳችን የብራና ጽሕፈት ልማድም የሚያስተምረን አለ። በግእዝ መጻሕፍት የእግዚአብሔር፣ የማርያምና የቅዱሳን ስሞች፣ እንዲሁም የክፍል መነሻዎች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ በብራናው ላይ ክብርን የሚያመለክተው ቀይ በሠንጠረዡ ውስጥ መጣልን ያመለክታል፤ ስለዚህ የቀለም ትርጉም በስምምነት የሚሰጥ እንጂ በባሕርይ የተገኘ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ቀዩን ቀለም የተጠቀመው ስሙን ለመጻፍ እንጂ በስሙ ፈንታ አይደለም። ገጹ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቢነሣ እንኳ ስሙ ይነበባል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ቀለሙ ክርክርን የሚዘጋ መሆኑ ነው። «ስፕሬድሺት» ለሚለው ቃል የቀረበውን «የተመን ሉህ» የሚለውን አቻ እንውሰድ። «ተመን» በአማርኛ ተናጋሪ ልቡና የዋጋንና የግብርን ነገር ያመጣል፤ የቃላት ዝርዝር ለያዘ ሉህ ይህ ይስማማል ለማለት ያስቸግራል። በአንጻሩ እኛ እዚህ የተገለገልንበት «ሠንጠረዥ» የጥንቱን ጨዋታ መጠሪያነት ይዞ ከመቆየቱም በላይ ማናቸውንም በዐምድና በረድፍ የተከፈለ ዝርዝር ስለሚያመለክት መሣሪያውን ከይዘቱ አይለይም። ሁለቱም የየራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው። ከሁለቱ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ሆኖ ለተርጓሚ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ምክንያት ይሰወራል፤ ተርጓሚውም ውሳኔውን ከመቀበል በስተቀር ሊመዝነው አይችልም። ቢጫውማ የባሰ ነው፤ ስያሜው አከራካሪ ነው ማለት ይሁን ወይስ ገና አልታየም ማለት፣ አይለይም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። የስያሜው ደረጃና የሥራው ደረጃ በሁለት ዐምዶች ይለዩ። ለስያሜው ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አይ.ኤስ.ኦ. 30042 ተብሎ የጸደቀውን ቲ.ቢ.ኤክስ. የተባለውን የስያሜ መለዋወጫ ሥርዓት አብነት በማድረግ «ተመራጭ»፣ «የተፈቀደ»፣ «የማይመከር» እና «የተተካ» የሚሉ ቃላት ቢሠራባቸው መልካም ነው። የምርጫዎቹ አጻጻፍ በአንድ ስፍራ ተወስኖ ይቆለፍ፤ ከሌላ ሰነድ የተለጠፈም ሁሉ ይመርመር። ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን ምክንያቱ ባጭሩ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ቀለም ቢጨመር ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሠንጠረዡን የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ቀለሙን ሁሉ አጥፍቶ ያንብበው፤ ፍርዱና ምክንያቱ ያን ጊዜም ከተነበቡ ሥራው ተሟልቷል።