የመንዝ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ
ሕዝብን የማጥናት ሥራ በትምህርታችንና በሥነ ጽሑፋችን ስላለው ስፍራ

የአንድን ሕዝብ ልማድ፣ ሥራና ሕግ መርምሮ በመጽሐፍ ማኖር ታላቅ ሥራ ነው። ታላቅነቱም በሁለት ወገን ይታያል። በአንድ ወገን፣ ሽማግሌው ሲሞት አብሮት ወደ መቃብር ይወርድ የነበረው ዕውቀት በጽሑፍ ተርፎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። በሌላው ወገን ደግሞ፣ የተጻፈው ቃል በተጻፈበት ሕዝብ ላይ ሥልጣን ያገኛል፤ ሕዝቡን በዓይኑ ያላየ ሰው ሁሉ በመጽሐፉ ዓይን ያየዋልና። ስለዚህ የሕዝቦች ጥናት በትምህርት ቤትና በሥነ ጽሑፍ ሊሰጠው ስለሚገባው ስፍራ የሚናገር ሁሉ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የሚያጠናው ማን ነው? ከኑሮው የሚጠናው ምኑ ነው? የተጠናውስ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ መልስ ለመስጠት ይችላልን?

ለነዚህ ጥያቄዎች የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ማለት መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ፣ መልካም መፈተኛ ይሆነናል። በአገራችን የሕዝቦች ጥናት በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ከመሐል አገር ወደ ራቀው ሕዝብ ነው። አማርኛ ተናጋሪው የደጋ ገበሬ ግን፣ ቋንቋው የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ ስለ ሆነ፣ እርሱም ራሱ የታወቀ ነው እየተባለ ሳይመረመር ይታለፋል። የቋንቋው መታወቅ ግን ለኑሮው መታወቅ ዋስ አይሆንም። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለው መንዝ፣ የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩበት የነጋሢ አገር ነው። ነገር ግን የነገሥታቱን ትውልድ ቆጥሮ የሚጨርስ ተማሪ፣ የመንዝ ገበሬ በልግ ሲቀርበት ምን እንደሚያደርግ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ይህንን ሕዝብ በሰፊው መርምረው ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን ናቸው። እኒህ ሰው ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይተው በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጠው አጠኑ። በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ ታሪክና ባህል አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ በሚከተለውም ዓመት «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፋቸው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ስማቸው በኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ምስጋና ይገባዋል። የደጋውን ገበሬ የጥናት ሁሉ መነሻ አድርጎ፣ ቤቱን፣ የልጅ አስተዳደጉን፣ ጾሙንና በዓሉን፣ ከጌታውና ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ግንኙነት በማክበር ጽፏል። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ይጻፍ የነበረው አብዛኛው መጽሐፍ የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ወይም የመንገደኛ ትዝታ ሲሆን፣ ሌቪን ግን ገበሬው ስለ ዓለም ያለውን አስተሳሰብ ለመረዳት ደከሙ። ይልቁንም ከሥነ ጽሑፍ መነሣታቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድን ሕዝብ ለማወቅ ግጥሙንና ቅኔውን መጠየቅ እንደሚገባ አሳይተዋልና።

ስሕተቱም የሚገኘው ከዚሁ ከመልካሙ አጠገብ ነው። የመጽሐፉ ዋና አሳብ፣ አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም የሚሸምነው የሰምና ወርቅ ጥበብ የቅኔ ስልት ብቻ ሳይሆን የአማራው የኑሮ ስልት ጭምር ነው የሚል ነው። እንደ ሌቪን አስተያየት፣ ይህ የተሸፈነ አነጋገር ሰውን ከሰው ጋር ሳያጋጭ ለማኖር ይጠቅማል፤ ቃሉ ግልጽና አንድ ትርጉም ያለው እንዲሆን ለሚጠይቀው ለዘመናዊው ሥራ ግን አይመችም።

አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ቅኔ ተማሪው አገር ለአገር እየዞረ ቁራሽ እየለመነ ብዙ ዓመት የሚደክምበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ከቅኔ ቤት የወጣ መሣሪያ ሳይመረመር በገበሬው ሁሉ እጅ ሊደረግ አይገባም። ሰምና ወርቅ በእርግጥ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ገብቷል፤ በለቅሶ፣ በዘፈንና በጨዋታ ይሰማል። ይሁን እንጂ ያው ገበሬ በሸንጎ ፊት በቆመ ጊዜ ምን እንደሚናገር እንመልከት። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ክርክር ተሟጋቹ ቃሉን ያስጌጣል፣ ተቃዋሚውን በምሳሌ ይወጋል። ምስክሩ ሲጠራ ግን ጌጥ ይቀራል። የርስቱ ድንበር ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ወንዝ እንደሆነ፣ ይገባኛል ባዩ ከአቅኚው አባት በአባቱ በኩል ይወለድ እንደሆነ ወይም በእናቱ፣ ሁሉም በቁርጥ ቃልና በመሐላ ይነገራል። በዚያ ሸንጎ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የተናገረ ምስክር ባለጉዳዩን ያስረታል። ርስት የመንዝ ሰው የኑሮው ምሰሶ የነበረ እንደ መሆኑ መጠን፣ ይህ የተቆረጠ አነጋገር ከተሸፈነው ያነሰ የሕዝቡ ጠባይ ነው ለማለት አይቻልም። እንግዲህ ሌቪን ያዩት እውነት ነው፤ ያዩት ግን ከሁለቱ እጆች አንዱን ነው።

ሁለተኛው ችግር ስምን ይመለከታል። በአንድ ደጋ የታየው ነገር መጽሐፉ እየሰፋ በሄደ ቁጥር «የአማራ ጠባይ» ተብሏል። የጎጃም ቆላ፣ የጎንደር ከተማ፣ የወሎ እስላምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርበት መንደር እንደ መንዝ አይኖርም። ራሱ መንዝም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ሌላው አሜሪካዊ አጥኚ ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ ሰው የቡዳ እምነት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ባለ ርስቱ ሰው በባለ እጁ፣ ማለት በብረት ቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪው ላይ ያለውን ፍርሃትና ንቀት ገልጠዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የሚፈራ፣ ምጣዱን የምትሠራለትን ሴት የሚንቅ ሕዝብ እንዴት በአንድ ቃል ይገለጣል? «የዚህ ሕዝብ ጠባይ እንዲህ ነው» የሚል መጽሐፍ ሁሉ ከዚያ ሕዝብ መካከል አንዱን ወገን ይሸፍናል፤ የሚሸፈነውም ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለው ነው።

መጽሐፉ ከኢትዮጵያውያን መልስ አላጣም። አቶ ገዳሙ አብርሃ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ረጅምና ብርቱ ትችት ጽፈዋል። ሆኖም መጽሐፉም ትችቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ክርክሩ የተደረገው ስለ መንዝ ገበሬ ሲሆን፣ ገበሬው ግን በክርክሩ ስፍራ አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረው ልጁም ቢሆን ለማንበብ የውጭ ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። ስለ አንድ ሰው በማይሰማው ቋንቋ የሚደረግ ክርክር ምንም ቢሠምር ፍርዱ ሙሉ አይሆንም። ፕሮፌሰር ሌቪን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሁለተኛው መጽሐፋቸው የኢትዮጵያን ሕዝቦች በረጅሙ ዝምድናቸው ስለሚያይ አሳባቸው ምን ያህል እንደ ሰፋ ያሳያል። እርሱም «ትልቋ ኢትዮጵያ» ተብሎ ወደ አማርኛ ተመልሶ አንባቢ አግኝቷል። ይህም መንገዱ የሚቻል እንደሆነ ያስረዳናል።

አሁን ደግሞ የአገር ልጅ የጻፈውን እንመልከት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ናቸው። በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ዐወቀ የሚባለውን የተጉለት ልጅ ይዞ ይነሣል። ልጁ በአውሮፓ ተምሮ ይመለሳል፤ በተመለሰም ጊዜ ስለ ተዝካርና ስለ ጋብቻ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ኅሩይ ተዝካሩን ሲጽፉ የሚጽፉት ከድግሱ ቤት ውስጥ ሆነው ነው። ማን ለምን እንደሚደግስ፣ ሐሜት ባለ ተዝካሩን እንዴት እንደሚያስጨንቀው፣ ብድሩስ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ በዚህ ነገር የልብ ወለዱ መጽሐፍ ከብዙ የጥናት መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ኅሩይም ልማዱን የሚያቀርቡት እንዲታረም ነው። አንባቢው የሚያየው ገበሬ መለወጥ የሚገባውን ገበሬ ነው፤ አስቦ ሕግ የሚያወጣውን፣ ለዘመናዊው ሰው ራሱ ትምህርት ሊሰጥ የሚችለውን ገበሬ አናይም። የውጭው ሊቅ ልማዱን ለማስረዳት፣ የአገሩ ደራሲ ደግሞ ለማረም ጻፉ፤ የገበሬውን ሥራና ሕግ እንደ ዕውቀት ቆጥሮ የጻፈ ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።

ለምሳሌ ያህል የመንዝን ጓሳ እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ሰፊ የሣር ምድር፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት ቀደምት አባቶች ጀምሮ በአጽመ ርስት የተያዘ እንደሆነ ይነገራል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለ መብቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ከዚያም በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይታጨዳል፤ ደንቡን ያፈረሰም ይቀጣል። በዚህ ጥበቃ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ከሰው ጋር አብረው ኖሩ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስትን መብት ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ምድሩም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ጓሳ ዛሬ በሕዝቡ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኗል። ይህን ሥርዓት በሰፊው መርምረው ከጻፉት አንዱ የዱር አራዊት ሊቁ ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ናቸው። ቀበሮውን ሊያጠና የሄደ ሊቅ የሕዝቡን ሕግ ሲያገኝ፣ ስለ ሕዝቡ ጠባይ የሚጽፉት ግን ሳያተኩሩበት ማለፋቸው ሊያስደንቀንም ሊያሳፍረንም ይገባል። እንዲሁም የመንዝ ባናና በርኖስ በገበያ ሲወደስ፣ ከበግ ጠጉሩ አንሥቶ እስከ ሽመናው ያለው ጥበብ ግን በሥነ ጽሑፋችን ስፍራ የለውም።

ከዚህ ወደ ትምህርት ቤት እንለፍ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ስለ ተወለዱበት አገር ልማድ እየጻፉ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። በ1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ነገሩን ወደ ፖለቲካ መድረክ አወጣው፤ በ1975 ዓ.ም. የብሔረሰቦች ጥናት ተቋም ተቋቋመ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ39ኛው አንቀጹ ሕዝቦች ቋንቋቸውን፣ ባህላቸውንና ታሪካቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ደነገገ።

ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከነዚህ መካከል ለመንዝ ልጅ ቅርብ አርአያ የሚሆነው የመጀመሪያው፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መፈቀዱ ቀድሞም በአማርኛ ይማር ለነበረው ልጅ ብዙ ለውጥ አላመጣለትም፤ ቋንቋው በመጽሐፉ ሲኖር መንደሩ አልነበረችምና። እነዚያ ተማሪዎች ግን የውጭውን ሊቅ ሳይጠብቁ የአባታቸውን ቤት ራሳቸው መረመሩ። የጎደላቸው ነገር ቢኖር የጻፉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው።

ሕዝብን ማጥናት ሕዝብን ከሕዝብ ይለያል ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ራስን ብቻ የሚያስጠና ትምህርት ወደ ትዕቢት ያደርሳልና። ነገር ግን ከመንዝ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከበታቹ የአርጎባንና የኦሮሞን መንደር፣ ከዚያም ወዲያ የአፋርን በረሃ ያገኛል። ደጋውና ቆላው በገበያ ተገናኝተው እህልን በጨውና በከብት ሲለውጡ ኖረዋል። የዚህ ደጋ ልጅ ጎረቤቱን ከመጽሐፍ ካላወቀው ከወሬ ያውቀዋል፤ ወሬም በክፉ ቀን ምን እንደሚያመጣ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ከደረሰው የሕይወትና የንብረት ጥፋት በኋላ ለማንም መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ መድኃኒቱ ጥናቱን መተው ሳይሆን ጎረቤትን ጨምሮ ማጥናት ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለደራሲዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ስለዚህ ደጋ በውጭ ቋንቋ የተጻፉት ጥናቶች ወደ አማርኛ ተመልሰው የአገሩ ሰዎች መልስ ይታከልባቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ከማንም ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ከየመንደራቸው ሽማግሌና አሮጊት፣ ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋም ጭምር፣ ሥራና ሕግን እየጠየቁ በስማቸው ይጻፉ፤ የጻፉትም በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ደራሲው «አማራ እንዲህ ነው» ከማለት «በጌራ ምድር ይህን አየሁ» ማለትን ይምረጥ። ስፍራውን ለይቶ የተናገረ ጸሐፊ ሊታረም ይችላል፤ ስለ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቃል የተናገረ ግን የሚያርመው አያገኝም።

አንድ የመንዝ ገበሬ ስለ እርሱ የተጻፈው ሲነበብለት ሰምቶ «ይህ እውነት ነው፤ ይህ ግን እንዲህ አይደለም» ለማለት የበቃ ዕለት፣ ሕዝብን የማጥናት ሥራ በትምህርታችንና በሥነ ጽሑፋችን ተገቢ ስፍራውን አገኘ ለማለት እንችላለን።