ከብዙው ወደ ጥቂቱ
ስለ እልፍኝ ሙዚቃ ቅንብሮች ፍለጋ

አንድን ታላቅ የሙዚቃ ድርሰት ለመመዘን ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ከብዙ ተጫዋቾች እጅ ወስዶ ለጥቂቶች መስጠት ነው። በርካታ ሰዎች የሚጫወቱት ሲምፎኒ ለአራት ወይም ለአሥር መሣሪያ ሲቀነበር ግርማው ይቀንሳል፤ አጥንቱ ግን ይገለጣል። ዜማውና አወቃቀሩ የጸና ሥራ ይቆማል፤ በድምፅ ብዛት ብቻ የተደገፈው ይወድቃል። በመሆኑም ቻምበር ሙዚቃ ለሚባለው የእልፍኝ ጨዋታ የተሠሩ ብርቅ ቅንብሮችን ማፈላለግ ራሱን የቻለ የሒስ ተግባር ነው።

ሸክላ ከመፈልሰፉ በፊት፣ ኦርኬስትራ በሌለባቸው የአውሮፓ ከተሞች የሚኖር ሰው ሲምፎኒን የሚያውቀው በዚህ ዓይነት ቅንብር ነበር። ቤትሆቨን ሁለተኛ ሲምፎኒውን ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ አቅርቦታል፤ ሁመልም የሞዛርትን ሲምፎኒዎች ለፒያኖ፣ ለፍሉት፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ አዘጋጅቷል። ሾንበርግ በ1918 እ.ኤ.አ. በቪየና ያቋቋመው ማኅበር የዘመኑን ታላላቅ የኦርኬስትራ ሥራዎች ለጥቂት መሣሪያዎች እያስቀነበረ ያሰማ ነበር፤ የጎደሉትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ሃርሞኒየም ይሞላ ነበር። ሾንበርግ ራሱ የማለርን «የምድር ዜማ» በ1921 ማቀናበር ቢጀምርም ማኅበሩ በመፍረሱ ሥራው ተቋረጠ፤ በራይነር ሪን እጅ የተፈጸመው በ1983 ነው። ወረቀቱ ባይጠበቅ ኖሮ ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚፈጸም ነገር ባልኖረ ነበር።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ሥራቸውን የደረሱት ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ነው። የድርሰቱ መነሻ ግን በስሙ እንደተገለጠው አንድ እረኛና አንድ ዋሽንት ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ለዋሽንት፣ ለክራርና ለማሲንቆ ቢቀነበር ወደ ተነሣበት መስክ ይቀርባል። ከኦርኬስትራው ቀለም የትኛው ጌጥ፣ የትኛው ምሰሶ እንደነበረ ለይቶ መስማትም ከብዙ ገጽ ሐተታ የበለጠ ያስተምራል።

ነገር ግን ቅንብር ሁሉ ቅንብር አይደለም። የባህል ዜማችን በአንድ መስመር የሚሄድ ነው፤ ድምፃዊው፣ ማሲንቆውና ክራሩ ያንኑ ዜማ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጌጥ ይከተሉታል። በዚህ ዜማ ላይ ድምፅ መደራረብ ማበልጸግም ማፈንም ሊሆን ይችላል። ግርማ ይፍራሸዋ አምባሰልን ወደ ፒያኖ ሲያመጡት ስምምነተ ድምፅ ያተርፋል፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተተው የማሲንቆ ጣት ግን በፒያኖ ቁልፍ ላይ አይገኝም። ሐያሲው ትርፉንና ኪሳራውን እኩል መቁጠር ይኖርበታል። ለመቁጠር ደግሞ ኖታው በእጁ መሆን አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ያረፉት ነርሲስ ናልባንዲያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ብዙ የኢትዮጵያ ዜማዎችን አቀናብረዋል። ሥራዎቻቸውን እንደገና አንሥቶ ካሰሙት አንዱ በራስ ገርሾን የሚመራው የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ባንድ ይህን ሲያደርግ፣ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አቀናባሪዎች የጻፏቸውን ወረቀቶች ከየቁም ሣጥኑና ከየቤተሰቡ ማሰባሰብ ለእኛ ሊከብደን አይገባም።

ገለጉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የላትም፤ በቅርቡም እንዲኖራት አይጠበቅም። በቋራና በመተማ ቆላ ግን ዋሽንት የሚነፋ፣ ክራር የሚመታ ወጣት አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ወጣት መምህር ሦስት ወይም አራት ገጽ የእልፍኝ ቅንብር ማለት የታላላቅ ድርሰቶች በር ማለት ነው። ስለዚህ የባህል ሠራተኞች ወረቀቱን ይፈልጉ፤ የተገኘው ይመዝገብ፣ ይባዛ፣ ለየወረዳው ትምህርት ቤት ይላክ። ከያንያን ደግሞ በአካባቢያቸው ላሉት መሣሪያዎች ያቀናብሩት፤ የቀነሱትንና የጨመሩትንም በኖታው ግርጌ ይጻፉ። ከኋላ የሚመጣው ሐያሲ የሚፈርደው ከዚያ ተነሥቶ ነውና።