የነገሌው ጉድጓድ

ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ማመጹ በተተረከ ቁጥር የውሃው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ፤ አመጽ ተነሣ። ከዚያ ጸሐፊዎቻችን ወደ ደመወዙና ወደ ሥልጣኑ ይሻገራሉ። ውሃው «ሰበብ» ተብሎ ይቀራል። እኔ ይህን አተያይ አልቀበለውም። በአንድ ካምፕ ውስጥ ለመኮንን ሌላ፣ ለወታደር ሌላ ውሃ መኖሩ ራሱ ታሪክ ነውና።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጽፍ፣ ድንኳኑ የትም ሜዳ ቢተከል ሥርዓቱ እንደማይለወጥ፣ እያንዳንዱም ቦታውን እንደሚያውቅ ይነግረናል። ከንጉሡ ድንኳን ያለው ርቀት የማዕረግ መለኪያ ነበር። ድንኳኑ ቤት በሆነ ጊዜም ልኩ አልጠፋም። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን ያዙ፤ ጭፍራው ከግርጌ ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬም ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል እንኳ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነበር።

የጎጆው ወታደር ከጌታው በታች ቢያድርም ሚስትና ምድጃ ነበረው። በደቡብ ምድጃውን ያሞቀው የገባሩ ላብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ግብር ሲበላ ግን በየማዕረጉም ቢሆን ከጌታው ጋር በአንድ አዳራሽ ይቀመጥ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. የቤልጂግ መኮንኖች መጥተው ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ። ዘመናዊው ጦር እየተስፋፋ ሲሄድ የጎጆውን ቦታ ካምፕ ወሰደው፤ ደመወዝ መጣ፣ የጋራ ወጥ ቤት መጣ። አለቃው ማብላቱን ትቶ ማዘዙን ብቻ ያዘ። ማዕዱ ሲነሣ ርቀቱ ባለበት ቀረ።

ነገሌን በዚህ ዓይን እንየው። ሁኔታውን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ አግተው ከሚበሉት አበሏቸው፣ ከሚጠጡት አጠጧቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ቅጣት ይጽፉታል። ለእኔ የተገለበጠ ግብር ነው፤ ወታደሩ ጌታውን በግድ ማዕዱ ላይ አስቀመጠ።

እንግዲህ የ1966ን ታሪክ የሚጽፍልን ሰው ከአዋጆቹ በፊት ስለ ጉድጓዱ ቢጠይቅ ምን አለበት?