ለአንድ ሰው የተሰፋ ሕግ

ባለፈው ወር በዕድራችን ስብሰባ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የሁለት ወር መዋጮ ያላዋጣ አንድ አባላችን አባቱ አገር ቤት ያርፋሉ። በደንባችን መሠረት የዘገየ ሰው መቀጫውን ከፍሎ የለቅሶ ገንዘቡን ይወስዳል። ኮሚቴው ግን «ሁለት ወር ያሳለፈ አባል ምንም አያገኝም» የሚል አዲስ አንቀጽ ይዞ መጣ። የሚጸናውም ካለፈው ወር ጀምሮ! እጅ ወጣ፣ አለፈ። ልቃወም ስነሳ አጠገቤ የነበረ የቆየ ወዳጄ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ሕግ ሕግ ነው» ብሎ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

ቤቴ ገብቼም ይህች አነጋገር አልለቀቀችኝም።

ወዳጄ ሕግ ሲል አዋጅ ማለቱ ነው። ሥልጣን ያለው አካል ድምፅ ሰጥቶ በወረቀት ካሰፈረው አለቀ። አባቶቻችን ግን ከወረቀቱ በላይ የሆነ ነገር ያውቁ ነበር። መንገደኛው ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ሲያይ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ዳኛ አይደለም፣ ዱላም አልያዘም፤ ሰዎቹ ግን ይቆማሉ። ባለዕዳና አበዳሪ ልብሳቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ከሳሹም አብሮ ታስሮ እንደሚሄድ ልብ በሉ። (የዚያ ዘመን ፍርድ ስንቱን ድሃ እንዳስለቀሰ አይጠፋኝም፤ ያለፈው ሁሉ ማር ነበር አልልም።) «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሰውዬ በቅሎውን እያጣ የሚጽናናው ለምንድን ነው? ያው ፍርድ በጎረቤቱም ላይ እንደሚፈረድ ስለሚያምን ነው።

እኔ ራሴ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ፓርላማው ደግሞ በጥድፊያ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት የለውም የሚል ሕግ አወጣ። ያኔ እዚህ በስደት ያለን ብዙዎቻችን ምን አልን? እሰይ! እኔም ብያለሁ። ሥርዓቱን ከገነቡት አንዱ ናቸውና የእጃቸውን አገኙ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፤ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ደግሞ ዋስትናውን ሊከለክል የሚችለው ፍርድ ቤቱ ነው። አዲሱ ሕግ ይህንን ሚዛን ከዳኛው እጅ ነጠቀ። ሙስና የሠራ ማስረጃ ያጠፋል፣ ይጠፋል የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል። ያንን መዝኖ እንዲወስን አይደለም እንዴ ዳኛ የተሾመው? በወዳጄ መለኪያ ግን ምንም አልጎደለም፤ ድምፅ ተሰጥቷል፣ ታውጇል። የጎደለው ሌላ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ማን ላይ እንደሚያርፍ ስሙን እያወቁ ነው እጃቸውን ያወጡት። ለአንድ ባለሥልጣን የተሰፋው ልብስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስሙን ማንም ለማያውቀው ሂሳብ ሹም ሁሉ ይለካል። ያ ድንጋጌ ኋላ ተሻሽሏል፤ አቶ ስዬ ግን እስከ 1999 ዓ.ም. እስር ቤት ቆዩ። በዋስ የለቀቋቸው ዳኛም ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ሁለት ጊዜ ታሰሩ። (ዳኛዋና ተጠርጣሪው ከዓመታት በኋላ በአንድ ፓርቲ ውስጥ ተገናኙ፤ የአገራችን ነገር!)

ወደ ዕድራችን ልመለስ። ያ አባላችን እስካሁን ስብሰባ አልመጣም፣ ስልክም አያነሳም። በሚቀጥለው ወር እጄን አወጣለሁ። አንቀጹ ይሰረዝ አልልም፤ ወዳጄ እንዳለው አብላጫው ወስኗል። የምጠይቀው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲጸና ነው፤ ያኔ ማን ላይ እንደሚያርፍ እኔም፣ ወዳጄም፣ ሊቀ መንበሩም አናውቅም።