ተረስቶ ስለ ተገኘ አንድ ሸክላ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የታመነ ነው፤ ነገር ግን በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ስናውለው አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። ንጋት ማንም ሳይቀሰቅሰው በጊዜው ይነጋል፤ የተረሳ ሥራ ግን የሚያነሣው ሰው ካላገኘ ሌሊቱ አያልቅለትም። ይህን እንድናስብ ያደረገን «ፕሪቲ ቲንግስ» የሚባሉ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች የሠሩት «ኤስ. ኤፍ. ሶሮው» የተባለው ሸክላ ነው። ሸክላው በ1968 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር እንግሊዝ አገር ወጣ፤ ብዙ ሰው ሳይሰማውም ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሸክላውን የሚያነሡት ሰዎች ተገኙ፤ ዛሬም አመስጋኙ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የሚመሰገንበት ምክንያት ለሥራው የሚገባው ምክንያት አይመስለንም፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

አስቀድመን ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት እንበል። ማኅበሩ በ1963 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ዋናዎቹ ድምፃዊው ፊል ሜይና ጊታር መቺው ዲክ ቴይለር ነበሩ። ዲክ ቴይለር ከዚያ በፊት «ሮሊንግ ስቶንስ» ገና ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ጋራ የተጫወቱ ሰው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማኅበሩ ዘፈን ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የተቀዳ፣ ጩኸትና ጉልበት የበዛበት ነበር። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ግን «ሳይኬዴሊክ» የተባለው አዲስ ስልት በእንግሊዝ አገር ገነነ። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ሕሊናን የሚገልጥ» ማለት ነው። የስልቱ ወዳጆች የተቀዳውን ድምፅ ወደ ኋላ እያዞሩ ያሰሙ፣ የህንዱን ሲታር ከጊታር ጋራ ያጋቡ፣ ቃላቸውንም ከሕልም ዓለም ያመጡ ነበር። አንዳንዶቹም ኤል. ኤስ. ዲ. ከተባለው አእምሮን ከሚያናውጥ ቅመም ጋራ ስለ ተወዳጁ፣ ስልቱ በሙሉ የስካር ፍሬ ነው ተብሎ በብዙዎች ዘንድ ተናቀ። እኛ ግን ዛፉን በፍሬው እንመዝናለን እንጂ በተተከለበት መሬት ብቻ አንፈርድም።

ሸክላው የተቀዳው ሎንዶን በሚገኘው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ነው፤ ሥራው በ1967 ዓ.ም. በኖቬምበር ተጀምሮ እስከ 1968 ዓ.ም. መኸር ቈየ። የቀረጻው አለቃ ኖርማን ስሚዝ ነበሩ፤ እኚህ ሰው እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ የቢትልስን ዘፈኖች በመሐንዲስነት የቀዱ ናቸው። በመካከሉ ከበሮ መቺው ሥራው ሳያልቅ ትቶ ሄደ፤ ሌላም ተተካ። እንደዚህ ባለ ውጣ ውረድ ዐሥራ ሦስት ክፍሎች ተሠሩ። እነዚህም ክፍሎች የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው እንጂ እንደ ተራ ሸክላ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ዘፈኖች አይደሉም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴባስቲያን ኤፍ. ሶሮው የተባለ ልጅ በአንዲት ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ይወለዳል። ልጅነቱን በምኞትና በሕልም ያሳልፋል፤ ዕድሜው ሲደርስ ከፋብሪካ ይገባል፤ ማለዳ ማለዳ «ደኅና አደርህ» የምትለውን የጎረቤቱን ልጅ ይወዳል። ጦርነት ይመጣና ለውትድርና ይጠራል። ከጦርነቱ በሕይወት ቢተርፍም «አሜሪክ» በተባለች የባዕድ አገር ይቀመጣል፤ እጮኛውም ወደ እሱ እንድትመጣ ይልክባታል። እሷ የተሳፈረችበት የአየር መርከብ ግን ሲደርስ በዓይኑ ፊት ይቃጠላል። መርከቡ «ዊንደንቡርግ» ይባላል፤ ይህም በሜይ 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ጀርሲ የተቃጠለውንና የ36 ሰዎች ሕይወት የጠፋበትን የጀርመኑን «ሂንደንቡርግ» ያስታውሰናል። ከዚህ በኋላ ሐዘንተኛው «ባሮን ሳተርዴይ» ከሚባል እንግዳ ጋራ ይገናኛል፤ ስሙ በሄይቲ ሰዎች እምነት የሙታን ጌታ ከሚባለው የተወሰደ ነው። እንግዳው ወደ ሕሊናው ጥልቅ ይዞት ይወርድና በመስተዋት ውስጥ የገዛ ሕይወቱን ያሳየዋል። ሶሮው ከዚያ ሲመለስ ማንንም የማያምን፣ ማንም የማይጠይቀው ብቸኛ ሽማግሌ ይሆናል፤ ታሪኩም በዚሁ ያበቃል።

የሥራውን ፍሬ ነገር ለማግኘት የአንዱን ክፍል ስም ብቻ መመርመር ይበቃል። ስለ ጦርነት የሚናገረው ዘፈን «ፕራይቬት ሶሮው» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ፕራይቬት» ማዕረግ የሌለው ተራ ወታደር ማለት ነው፤ ደግሞም የግል የሆነና ሌላ ሰው የማይካፈለው ነገር ማለት ነው። «ሶሮው» የባለታሪኩ የቤተ ሰብ ስም ነው፤ ፍቺው ግን ሐዘን ነው። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ሰምና ወርቁን ለመለየት አይቸገርም። ሰሙ «ተራ ወታደር ሶሮው» ሲሆን ወርቁ «ሌላ የማይካፈለው ሐዘን» ነው። የጦር ሠራዊት ሰውን በሺህና በዐሥር ሺህ ይቈጥራል፤ ሐዘን ግን በሰልፍ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሸከመዋል። ደራሲዎቹ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል መናገራቸው የዘመኑ ፋሽን ብቻ አሳዳጆች እንዳልነበሩ ያስረዳል።

ሙዚቃውም ከዚህ ሐሳብ ጋራ ይተባበራል። በጦርነቱ ዘፈን ከበሮው የሰልፍ ምት ይመታል፤ ዜማው ግን የድል ዜማ አይደለም። መርከቡ ሲቃጠል ጊታሩ አንዱን ሐረግ ያለ ዕረፍት እየደጋገመ ያስጨንቃል፤ ሰው ዓይኑን ከእሳት ማንሣት ሲያቅተው እንደሚሆነው ነው። ቀጥሎ «ዴዝ»፣ ማለትም «ሞት»፣ የሚባለው ክፍል በዝግታ እንደ ለቅሶ ይጓዛል፤ በዘመኑ ለጌጥ ይገባ የነበረው ሲታር እዚህ የሐዘን ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ከሁሉ የሚያስደንቀን ፍጻሜው ነው። እንዲህ ያለ ረዥም ሥራ ሲያልቅ መሣሪያው ሁሉ ተባብሮ እንዲጮኽ አድማጭ ይጠብቃል። እነሱ ግን በጥቂት ጊታርና በለሆሳስ ድምፅ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳን በማይሞላ ዘፈን ደመደሙት። ስሙ «ሎንሊየስት ፐርሰን» ነው፤ «ከሁሉ ይልቅ ብቸኛ የሆነ ሰው» ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ አበባ በሚዘፍንበት ዘመን፣ ማጽናኛ ሳይጨምሩ አንድን ሕይወት እስከ ባዶ ቤቱ መከተል ድፍረት ይጠይቃል።

እንከን የለበትም አንልም። ዘፈኖቹን ብቻ የሚሰማ ሰው ታሪኩን ሊከተል አይችልም፤ ይህን ያወቁት ደራሲዎች በሸክላው ልባስ ላይ በዝርው የተጻፈ ማያያዣ አሳትመዋል። ዝርው ጽሑፉም ከዘፈኖቹ ይልቅ የደከመና ጌጥ የበዛበት ነው። «ዌል ኦፍ ዴስቲኒ» የተባለው ክፍል ደግሞ የድምፅ ሙከራ ብቻ ሆኖ ታሪኩን አያራምድም። የሕልሙም ጉዞ ከሚገባው በላይ የዘመኑን ቀለም ተቀብቷል።

እንግዲህ ሥራው ስለምን ተረሳ? የወጣበት ወራት የቢትልስ ባለ ሁለት ሸክላ ሥራና የሮሊንግ ስቶንስ «ቤገርስ ባንኩዌት» ገበያውን የያዙበት ወራት ነበር። ከዚህ የባሰው በአሜሪካ የደረሰበት ነው። እዚያ የታተመው በ1969 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር «ዘ ሁ» የተባሉት ሙዚቀኞች ያወጡት «ቶሚ» የተባለ ባለ ታሪክ ሸክላ ቀድሞት ነበር። ስለዚህ የቀደመው እንደ ተከታይ ተቈጠረ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ስሕተት ያውቀዋል፤ ደብዳቤ የገባበት ቀን ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን አይደለም። የሥራው ባለቤቶችም ብዙ አልቈዩም፤ ዲክ ቴይለር በ1969 ዓ.ም. ከማኅበሩ ወጡ።

በኋላ የተነሡት ወዳጆች ይህን በደል ለመካስ ሲሉ «በሮክ ሙዚቃ የመጀመሪያው ኦፔራ ይህ ነው» እያሉ ይከራከራሉ። የጊዜውን ቅደም ተከተል ማስተካከል ፍትሕ ነው፤ በዚያም ላይ አንከራከርም። ነገር ግን ቀዳሚነት ውበት አይደለም። አንድ ሥራ ከሌላው በአምስት ወር ስለ ቀደመ መልካም፣ ስለ ዘገየም ክፉ አይሆንም። «ኤስ. ኤፍ. ሶሮው» ሁለተኛ ወይም ዐሥረኛ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ እንኳን ያ የመጨረሻው ዘፈን ከአንድ ቃል አይቀንስም ነበር። ናቂዎቹ «ማንን ይመስላል?» ብለው ጠየቁ፤ አወዳሾቹ «ማንን ቀደመ?» ብለው ጠየቁ፤ «ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ይህ ነገር ለእንግሊዞች ብቻ የተተወ አይደለም። የተማሪን ድርሰት የሚያርም መምህር፣ ለኅትመት የቀረበን ጽሑፍ የሚመረምር ሹም፣ አዲስ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ በዚሁ ፈተና ይቆማል። «ከእገሌ የተቀዳ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቦ መፍረድ ግን ድካም አለው። በችኰላ የተፈረደበት ሥራ ይግባኝ የሚሰማለት እስኪያገኝ ሠላሳ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

ይህም ሸክላ የጠበቀው ይህን ያህል ነው። በሴፕቴምበር 1998 ዓ.ም. ፕሪቲ ቲንግስ በዚያው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ተሰብስበው ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት፤ የታወቁት ጊታር መቺ ዴቪድ ጊልሞር አብረዋቸው ሲጫወቱ አርተር ብራውን ታሪኩን ተረኩ። በወጣትነታቸው የሽማግሌን ብቸኝነት የዘፈኑት ሰዎች ያን ጊዜ ራሳቸው ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ፊል ሜይ በ2020 ዓ.ም. በሜይ ወር ዐረፉ፤ ከማረፋቸው በፊት ግን ሥራቸው እንደ ተሰማላቸው አይተዋል። ይህን ሳያዩ የሄዱ ደራስያን በየአገሩ ስንት እንደ ሆኑ የሚቈጥር የለም። ስለዚህ ከአቧራ ውስጥ አንድ ያልታወቀ ሥራ የሚያጋጥመው አንባቢ፣ ስሙንና ቀኑን ከመመልከቱ አስቀድሞ ለሥራው ጆሮውን እንዲያውሰው በትሕትና እናሳስባለን።